የኮንጎ ወንዝ፤ ካርታው እንዴት ተሠራ? ማንንስ አገለገለ?

የዘንድሮው መጽሔት አዘጋጆች ስለ አንድ ታላቅ የዓለም ወንዝ እንድጽፍ በጠየቁኝ ጊዜ አንዳንድ ባልደረቦቼ ስለ ዐባይ እንደምጽፍ ገምተው ነበር። እኔ ግን ኮንጎን መረጥኩ፤ ምክንያቶቼም ሦስት ናቸው። አንደኛ፣ ኮንጎ በውኃው ብዛት ከአማዞን ቀጥሎ በዓለም ሁለተኛ፣ በአፍሪካም ተወዳዳሪ የሌለው ሲሆን፣ ከታላላቆቹ ወንዞች መካከል በጥቂቱ ከተጠኑት አንዱ ነው። ሁለተኛ፣ በ19ኛው ክፍለ ዘመን ስመ ጥር የነበሩ አሳሾች የኮንጎን ራስ የናይል ራስ አድርገው ቆጥረውት ስለ ነበር የሁለቱ ወንዞች ታሪክ ለጥቂት ዓመታት ተጣምሮ ይገኛል። ሦስተኛውና ዋናው ምክንያት ሙያችንን የሚመለከት ነው። ቦታን መለካት፣ ውኃን መስፈርና ካርታ መሥራት በራሱ ከደጉም ከክፉውም ወገን ያልሆነ ሥራ መስሎ ይታያል። የኮንጎ ታሪክ ግን አንድ ወንዝ ከምንጩ እስከ አፉ በካርታ ላይ በተሟላ ጊዜ ባለቤቱም አብሮ ሊለወጥ እንደሚችል ያሳያል።

በዚህ ጽሑፍ ውስጥ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድሜ አሳስባለሁ።

የወንዙ ጠባይ

ኮንጎ ከየት ይነሣል ለሚለው ጥያቄ፣ እንደ ሌሎቹ ታላላቅ ወንዞች ሁሉ፣ አንድ ብቻ መልስ የለም። ከአፉ እጅግ የሚርቀው ምንጭ በሰሜን ምሥራቅ ዛምቢያ ደጋ የሚነሣው ቻምቤሺ ነው። ቻምቤሺ ወደ ባንግዌሉ ሐይቅና ረግረግ ይገባል፤ ከዚያ ሉአፑላ ተብሎ ይወጣና ወደ ምዌሩ ሐይቅ ይፈስሳል፤ ከምዌሩም ሉቩዋ ተብሎ ይወጣና ከካታንጋ ደጋ ከሚመጣው ከሉዋላባ ጋር ይገናኛል። የታንጋኒካ ሐይቅ ትርፍ ውኃም በሉኩጋ በኩል ወደዚሁ ይገባል። ሉዋላባ ወደ ሰሜን ረጅም መንገድ ከተጓዘ በኋላ፣ የምድርን ወገብ በሚሻገርበት አካባቢ፣ ቦዮማ የሚባሉትን ሰባት ፏፏቴዎች ይወርዳል። ከመጨረሻው ፏፏቴ ሥር ኪሳንጋኒ ትገኛለች። ወንዙ ኮንጎ የሚለውን ስም የሚይዘው ከዚህ ጀምሮ ነው። ከዚያ ወደ ምዕራብ፣ ቀጥሎም ወደ ደቡብ ምዕራብ እንደ ቀስት ታጥፎ የምድርን ወገብ ዳግመኛ ይሻገራል፤ በስተቀኝ ኡባንጊን፣ በስተግራ ካሳይን ተቀብሎ ኪንሻሳና ብራዛቪል ፊት ለፊት ከሚተያዩበት፣ ማሌቦ ከሚባለው ሐይቅ መሰል ስፋት ይደርሳል። በመጨረሻ የክሪስታል ተራሮችን ሰንጥቆ ወደ አትላንቲክ ውቅያኖስ ይገባል። ርዝመቱ 4,700 ኪ.ሜ. ያህል ነው። የተፋሰሱ ስፋት 3.7 ሚሊዮን ካሬ ኪ.ሜ. ገደማ፣ ማለትም ከኢትዮጵያ ስፋት ሦስት እጥፍ በላይ ነው።

ከዚህ ሁሉ ውስጥ ሁለት ነገሮችን አንባቢ በልቡ እንዲይዝልኝ እፈልጋለሁ፤ የቀረው ታሪክ በእነርሱ ላይ የቆመ ነውና።

የመጀመሪያው የፍሰቱ አለመለዋወጥ ነው። «ዐባይን ያላየ ምንጭ ያመሰግናል» እንላለን። የእኛ ዐባይ በሱዳን ድንበር ላይ የዓመቱ አማካይ ፍሰት በሴኮንድ 1,500 ሜትር ኩብ ያህል ሲሆን የኮንጎ አማካይ ፍሰት 41,000 ሜትር ኩብ ገደማ ነው፤ ከሃያ አምስት እጥፍ በላይ ማለት ነው። ከብዛቱ ይልቅ የሚያስገርመው ግን ጸጥታው ነው። ዐባይ በክረምት ሞልቶ አፈሩን ጠርጎ ይሄዳል፣ በበጋ ደግሞ ሰው በእግሩ የሚሻገርበት ቦታ ይገኛል። ኮንጎ ግን ገባር ወንዞቹ ከምድር ወገብ በሰሜንም በደቡብም የተዘረጉ በመሆናቸው፣ በአንዱ ወገን ዝናሙ ሲያበቃ በሌላው ወገን ይጀምራል። ስለዚህ ዓመቱን ሙሉ አይጎድልም፤ ለመርከብም፣ በኋላ እንደምናየው ለኤሌክትሪክ ኃይልም፣ የታመነ ወንዝ ነው።

ሁለተኛው የአቀማመጡ መገልበጥ ነው። አብዛኞቹ ታላላቅ ወንዞች በላይኛው ክፍላቸው ገደላማ፣ ወደ ባሕሩ ሲቀርቡ ደልዳላና ለመርከብ የተመቹ ናቸው። ኮንጎ የዚህ ተቃራኒ ነው። ከኪሳንጋኒ እስከ ኪንሻሳ ባለው 1,700 ኪ.ሜ. ያህል መንገድ ወንዙ የሚወርደው ወደ መቶ ሜትር ገደማ ብቻ ነው፤ ጀልባ ያለ እንቅፋት ይሄዳል። ከኪንሻሳ እስከ ማታዲ ባለው 350 ኪ.ሜ. ያህል ግን 270 ሜትር ገደማ ይወርዳል፤ በዚህም መካከል ከሠላሳ በላይ ፏፏቴዎችና ውኃው በዐለት መካከል እየተፋጨ የሚሮጥባቸው ጠባብ ቦታዎች አሉ። በዚህ ሸለቆ የወንዙ ጥልቀት አንዳንድ ቦታ ከ200 ሜትር በላይ ሆኖ ስለ ተለካ ኮንጎ በዓለም ከታወቁት ወንዞች ሁሉ ጥልቁ ሆኗል። በአጭሩ፣ የኮንጎ ተፋሰስ ውስጡ ሰፊ አዳራሽ፣ በሩ ግን በዐለት የተዘጋ ቤት ይመስላል።

ከበሩ ፊት አራት መቶ ዓመት

ይህን በር ከባሕር በኩል መጀመሪያ ያየው አውሮፓዊ ፖርቱጋላዊው ዲዮጎ ካኦ ነው። በ1482 በአፍሪካ ምዕራባዊ ዳርቻ ሲጓዝ ከአንድ ታላቅ ወንዝ አፍ ደረሰና በደቡባዊው ዳር የድንጋይ ዓምድ አቆመ። የአካባቢው ሰዎች ወንዙን «ንዛዲ» ይሉት ነበር፤ ወንዞችን ሁሉ የሚውጥ ወንዝ ማለት ነው ይባላል። ፖርቱጋሎች ቃሉን አጣመው «ዛኢር» አሉት፤ ከ1971 እስከ 1997 አገሪቱም ወንዙም በይፋ የተጠሩበት ስም ከዚህ የመጣ ነው። ካኦ በሁለተኛው ጉዞው ወደ ላይ ወጥቶ ከማታዲ አጠገብ ካለው ከዬላላ ፏፏቴ ደረሰ። እርሱና ጓደኞቹ ስማቸውን በዐለት ላይ ቀርጸው ተመለሱ። ጽሑፉ እስከ ዛሬ አለ።

ከዚያ በኋላ ለሦስት መቶ ዓመታት ከዬላላ በላይ ያለው የወንዙ አካሄድ በአውሮፓ ካርታ ላይ ግምት ሆኖ ቀረ። በወንዙ አፍ ደቡብ የነበረው የኮንጎ መንግሥት ግን ከፖርቱጋል ጋር እንደ ባለ አቻ መልእክተኛ ይላላክ ነበር። ንጉሡ በ1491 ተጠመቀ፤ ልጁ ቀዳማዊ አፎንሶ ቤተ ክርስቲያንና ትምህርት ቤት አቋቋመ፤ ልጆችንም ለትምህርት ወደ ሊዝበን ላከ። ወዲያው የባሪያ ንግድ መጣ። አፎንሶ በ1526 ለፖርቱጋል ንጉሥ በጻፈው ደብዳቤ፣ ነጋዴዎቹ የመኳንንቱን ልጆች ሳይቀር እየወሰዱ አገሩን ባዶ እያደረጉት መሆኑን ገልጾ አቤት ብሏል። አቤቱታው ንግዱን አላስቆመውም። በሚከተሉት ዘመናት ከዚህ ዳርቻና ከአጎራባቾቹ ወደቦች እጅግ ብዙ ሰዎች ወደ አሜሪካ አህጉር ተጋዙ። ፏፏቴዎቹ አውሮፓውያንን ከውጭ አቆሙ እንጂ ከውስጥ የሚወጣውን ሰው አላስቀሩትም።

ተከፋፍሎ የተያዘ እውቀት

እዚህ ላይ «ወንዙ ያልታወቀ ነበር» የሚለውን አነጋገር መመርመር ያስፈልጋል። ለማን ያልታወቀ? በሰከላ ግሽ ዐባይ የሚኖሩ ሰዎች፣ ፓኤዝ በ1618፣ ብሩስም በ1770 ከመድረሳቸው በፊት የዐባይን ምንጭ ያውቁት፣ ያከብሩትም እንደ ነበር እኛ እናውቃለን። የኮንጎም ነገር ከዚህ አይለይም።

በቦዮማ ፏፏቴዎች የዋጌኒያ ሰዎች ውኃው በሚናወጥበት ዐለት ላይ እንጨት ተክለው፣ ታላላቅ ቅርጫት አንጠልጥለው ዓሣ ያጠምዱ ነበር፤ ዛሬም ያጠምዳሉ። ከፏፏቴው በታች ያሉት ሎኬሌዎች ከግንድ በተፈለፈለ ከበሮ የቃላቸውን ዜማ እየመቱ መልእክት ከመንደር ወደ መንደር ያስተላልፉ ስለ ነበር ወሬው ከታንኳ ይቀድም ነበር። በመካከለኛው ወንዝ ቦባንጊ የሚባሉት ነጋዴዎች በታላላቅ ታንኳዎች የዝሆን ጥርስና ባሪያ ወደ ማሌቦ ያወርዱ ነበር፤ ዛሬ በሚሊዮን የሚቆጠር ሕዝብ የሚናገረው የሊንጋላ ቋንቋም ሥሩ የእነርሱ የንግድ ቋንቋ ነው። በማሌቦ የቴኬ ነጋዴዎች ዕቃውን ይቀበላሉ፤ ከዚያ በእግር መንገድ በሌሎች ነጋዴዎች እጅ እያለፈ ወደ ባሕሩ ይወርዳል። ስለዚህ ከባሕሩ እስከ ወንዙ መካከለኛ ክፍል ያለው መንገድ በሙሉ የታወቀ ነበር፤ ነገር ግን እውቀቱ በቁራጭ በቁራጭ በልዩ ልዩ ሕዝቦች እጅ ተይዞ ነበር። እያንዳንዱ ሕዝብ የራሱን ክፍል ያውቃል፣ የራሱን ስም ያወጣል፣ በክፍሉ ላይም የማሳለፍ መብቱን ይጠብቃል። ፏፏቴዎቹ ወንዙን እንደ ከፋፈሉት እውቀቱንም ከፋፍለውት ነበር። በ19ኛው ክፍለ ዘመን የመጡት አሳሾች የሠሩት ሥራ እነዚህን ቁራጮች መቀጣጠል ነው።

የስሕተትና የመለኪያ ዘመን

ቁራጮቹ እስኪቀጣጠሉ ድረስ ብዙ ስሕተት ተሠርቷል። በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ኒጀር ወደ ውስጥ አገር ፈስሶ ከኮንጎ ጋር ይገናኛል ብለው የሚያምኑ ነበሩ። ይህንኑ እንዲያረጋግጥ የእንግሊዝ ባሕር ኃይል በ1816 መኮንኑን ጄምስ ታኪን ላከው። ለጉዞው የተሠራው መርከብ የእንፋሎት ሞተር ቢገጠምለትም ክብደቱ ስላስቸገረ ሞተሩ ወጥቶ በሸራ ሄደ። ታኪ ከዬላላ በላይ ጥቂት በእግር ተጉዞ በበሽታ ተመለሰ፤ እርሱን ጨምሮ ከጓደኞቹ ብዙዎቹ ሞቱ። የኒጀር ጥያቄ የተፈታው በ1830 የላንደር ወንድማማቾች ያንን ወንዝ እስከ ጊኒ ባሕረ ሰላጤ በተከተሉ ጊዜ ነው።

ሁለተኛው ስሕተት የእኛን አካባቢ የሚነካው ነው። ዴቪድ ሊቪንግስተን በመጨረሻ ጉዞው የናይልን የመጨረሻ ምንጭ እፈልጋለሁ ብሎ ወደ ሉዋላባ አመራ። በማርች 1871 ከኒያንግዌ መንደር ደረሰ። ከፊቱ ወደ ሰሜን የሚፈስስ ሰፊ ወንዝ አገኘ፤ ወደ ሰሜን የሚፈስስ ታላቅ ውኃ ናይል ካልሆነ ምን ይሆናል ብሎ ተስፋ አደረገ። ይሁን እንጂ ኮንጎ ሊሆን ይችላል የሚለው ጥርጣሬ አልተወውም ነበር። ወንዙን ተከትሎ ለመውረድ ታንኳ ቢጠይቅም የሚሰጠው አላገኘም። የአገሩ ሰዎች ባይሰጡት አይፈረድባቸውም፤ የተጓዘው ከባሪያ ነጋዴዎች ጋር ነበርና። ፍርሃታቸውም ከንቱ እንዳልነበረ በጁላይ 15 ቀን 1871 ታየ። በዚያ ቀን የነጋዴዎቹ ሰዎች በኒያንግዌ ገበያ በተሰበሰቡት ላይ ጠመንጃ ተኩሰው ብዙዎችን፣ ይልቁንም ሴቶችን፣ ገደሉ፤ ወደ ወንዙ የሸሹትም ሰጠሙ። ሊቪንግስተን ይህን በዓይኑ አይቶ ልቡ ተሰብሮ ተመለሰ። በሜይ 1873 በባንግዌሉ ረግረግ አጠገብ ሲሞትም ጥያቄው አልተፈታለትም ነበር።

ጥያቄውን በመሣሪያ የመረመረው የእንግሊዝ ባሕር ኃይል መኮንን ቬርኒ ካሜሮን ነው። በ1874 ኒያንግዌ ደርሶ ሁለት ነገር ለካ፤ የቦታውን ከፍታና የወንዙን ፍሰት። የዚያ ዘመን ተጓዦች ከፍታን የሚያውቁት ውኃ የሚፈላበትን ሙቀት በመለካትና በአየር ግፊት መለኪያ ነበር። በካሜሮን ልኬት መሠረት ኒያንግዌ በላይኛው ናይል ላይ ካለው ከጎንዶኮሮ ዝቅ ይላል፤ ዝቅ ካለ ቦታ የተነሣ ውኃ ደግሞ ወደ ላይ ወጥቶ ናይልን ሊሆን አይችልም። የሉዋላባ ፍሰትም በእርሱ ስሌት ናይል በጎንዶኮሮ ከሚያልፈው ከአምስት እጥፍ በላይ ሆኖ ተገኘ። ልጅ ከአባቱ አምስት እጥፍ ገዝፎ ገባር ወንዝ ሊባል አይችልም። የመሣሪያዎቹ ትክክለኛነት ውሱን ቢሆንም መደምደሚያው ትክክል ነበር፤ ሉዋላባ የኮንጎ ራስ ነው። ካሜሮንም ታንኳ ስለ ተከለከለ በእግሩ ወደ ደቡብ ምዕራብ ዞሮ በ1875 መጨረሻ ከአትላንቲክ ዳርቻ ደረሰ። ወንዙን ግን አልተከተለውም።

የተከተለው ሄንሪ ሞርተን ስታንሊ ነው። በ1874 መጨረሻ ከሕንድ ውቅያኖስ ዳርቻ ተነሥቶ፣ ቪክቶሪያንና ታንጋኒካን ሐይቆች ዞሮ ከለካ በኋላ በ1876 ኒያንግዌ ደረሰ። ከታዋቂው የዛንዚባር ነጋዴ ከቲፑ ቲፕ ጋር ተዋውሎ፣ በብዙ መቶ ታጣቂዎች ታጅቦ በኖቬምበር ወር ወደ ሰሜን ጉዞ ጀመረ። ሊቪንግስተንና ካሜሮን በልመና ያላገኙትን ታንኳ ስታንሊ ያገኘው ብዙውን ጊዜ በጠመንጃ ነው፤ በወንዙ ላይ ከሠላሳ ጊዜ በላይ ተዋግቷል። በቦዮማ ፏፏቴዎች ዙሪያ ታንኳዎቹን በደን ውስጥ እያስጎተተ አለፈ። ወንዙም ወደ ምዕራብ ታጠፈ። በፌብሩዋሪ 1877 ከአንድ መንደር አለቃ የወንዙን ስም ሲጠይቅ፣ አለቃው ኮንጎ መሆኑን ነገረው። የአውሮፓ የጂኦግራፊ ማኅበራት ለዓመታት የተከራከሩበት ጥያቄ መልሱ የተገኘው ከአንድ የወንዝ ዳር ሽማግሌ አፍ ነው። ይህን ራሱ ስታንሊ በመጽሐፉ መዝግቦታል፤ የአለቃው ስም ግን በካርታው ላይ አልወጣም።

የመጨረሻው ክፍል ከሁሉ የከፋ ሆነ። የታችኛው ወንዝ ፏፏቴዎች ወራት ፈጁ፤ ፍራንክ ፖኮክ የተባለው የመጨረሻው እንግሊዛዊ ጓደኛው በጁን 1877 ሰጠመ። ኦገስት 9 ቀን 1877 ስታንሊ ቦማ ሲደርስ አብረውት ከተነሡት ሰዎች እጅግ ብዙዎቹ ሞተዋል ወይም ጥለውት ሄደዋል፤ ከሦስቱ አውሮፓውያን ጓደኞቹም አንድ እንኳ አልቀረም። ወንዙ ግን ከሉዋላባ እስከ ባሕሩ አንድ መስመር ሆነ።

ስሕተቱ በዚህ አላበቃም። ጀርመናዊው ሽዋይንፉርት በ1870 የደረሰበት የኡዌሌ ወንዝ ወደ ቻድ ሐይቅ እንደሚፈስስ ይገመት ነበር። ሚሲዮናዊው ጆርጅ ግሬንፌል በ1885 «ሰላም» በሚል ስም በምትጠራ አነስተኛ የእንፋሎት መርከብ ኡባንጊን ሽቅብ ተጓዘ። ከጥቂት ዓመታት በኋላም ቤልጂጋዊው ቫንጄል ኡባንጊና ኡዌሌ አንድ ወንዝ መሆናቸውን አረጋገጠ። በ1890 አካባቢ የተፋሰሱ ዋና ዋና መስመሮች በካርታ ላይ ተሟልተው ነበር።

ካርታው በንጉሥ እጅ

ስታንሊ ያመጣውን ካርታ በጥንቃቄ ካነበቡት ሰዎች አንዱ የቤልጂግ ንጉሥ ሊዮፖልድ 2ኛ ነበር። ንጉሡ ያነበበው በግልጽ የሚታየውን ነው። ከፏፏቴዎቹ በላይ ለብዙ ሺህ ኪሎ ሜትር መርከብ የሚሄድበት ውኃ አለ፤ ስለዚህ 350 ኪሎ ሜትሩን በር የያዘ ሰው አዳራሹን ሁሉ ይይዛል። እንግሊዝ ለስታንሊ ሐሳብ ጆሮ ባልሰጠች ጊዜ ሊዮፖልድ ቀጠረው። ስታንሊ ከ1879 እስከ 1884 በፏፏቴዎቹ ጎን መንገድ አስጠረገ፤ በክፍል በክፍል የተፈቱ የእንፋሎት መርከቦችን በሰው ጉልበት እያሻገረ በማሌቦ አስገጠመ፤ ከአለቆችም ጋር ውል እያለ ምልክት አስደረገ። በሰሜኑ ዳር ደግሞ ብራዛ በ1880 ለፈረንሳይ ከቴኬ ንጉሥ ጋር ተዋዋለ። ዛሬ ሁለት ዋና ከተሞች በወንዙ ግራና ቀኝ የሚተያዩት በዚህ ምክንያት ነው።

ከኖቬምበር 1884 እስከ ፌብሩዋሪ 1885 በበርሊን የተደረገው ጉባኤ በኮንጎ ወንዝ ላይ መርከብ ሁሉ በነፃ እንዲሄድ፣ በተፋሰሱም ንግድ ነፃ እንዲሆን ወሰነ። ጉባኤው ገና ሳይዘጋ ጣልያን ምጽዋን መያዟን እዚህ ላይ ማስታወስ ይገባል። «ተፋሰስ» የሚለው የሙያ ቃል ወደ ዓለም አቀፍ ሕግ ገብቶ የሕዝቦችን ዕድል የወሰነው በዚያ ክረምት ነው። የውኃ መክፈያው መስመር የንግድ ቀጣና ድንበር ሆነ፤ በውስጡ ከሚኖሩት ሰዎች ግን አንድም አልተጠየቀም።

የኮንጎ ነፃ መንግሥት የሚባለው የሊዮፖልድ ግዛት ወዲያው ባለቤት የለውም የተባለውን መሬት የራሱ አደረገ። ይህም ማለት ሰው የሚያድንበትን፣ ማር የሚቆርጥበትን፣ እርሻውን የሚያሳርፍበትን ደን ሁሉ ነው። ከማታዲ እስከ ማሌቦ ያለውን መንገድ በሰው ራስ ላይ እየተጫነ ይሻገር የነበረውን ዕቃ ለመተካት ከ1890 እስከ 1898 የባቡር ሐዲድ ተሠራ። በይፋ በተመዘገበው ቁጥር እንኳ 1,800 አፍሪካውያንና እስያውያን ሠራተኞች፣ 132 አውሮፓውያንም ሞተውበታል። ከዚያ በኋላ በሩ ተከፈተ፤ የጎማው ዘመን ጨለማም ጸና። በመንደሩ ላይ የተጣለውን የጎማ ልክ ያላመጣ ይገረፋል፤ ሚስቱ በመያዣነት ትታሰራለች፤ ወታደሩም ጥይቱን በከንቱ እንዳላጠፋ ለማስመስከር የሰው እጅ ቆርጦ ያመጣል። የሕዝብ ቆጠራ ስላልነበረ የጠፋው ሰው ልክ በቁርጥ ባይታወቅም በሚሊዮን እንደሚቆጠር ብዙዎች የታሪክ ጸሐፊዎች ይገምታሉ።

ይህን ግፍ ያጋለጠውም መዝገብ ነው። በአንድ የመርከብ ኩባንያ ጸሐፊ የነበረው ሞሬል፣ በመርከቦቹ የጭነት መዝገብ ላይ ከኮንጎ የሚመጣው የዝሆን ጥርስና ጎማ፣ ወደ ኮንጎ የሚሄደው ግን በአብዛኛው ጠመንጃና ጥይት መሆኑን አስተዋለ፤ ያለ ክፍያ የሚመጣ ሸቀጥ በግዳጅ የተሰበሰበ መሆን አለበት ብሎም ደመደመ። የእንግሊዝ ቆንስል ኬዝመንት በ1903 ወንዙን ሽቅብ ተጉዞ የተጎጂዎችን ቃል መዘገበ፤ ሪፖርቱም በ1904 ታተመ። ሊዮፖልድ በ1908 ግዛቱን ለቤልጂግ መንግሥት ለማስረከብ ተገደደ። በቁጥር የተፈጸመ ግፍ በቁጥር ተከሰሰ።

ከነፃነት ወዲህ

ኮንጎ በጁን 30 ቀን 1960 ነፃነቷን ባገኘች ጊዜ የወንዙ አቀማመጥ እንደገና ታሪክ ወሰነ። አገሪቱን ያያያዛት መንገድ ወንዙ በመሆኑ የወንዙ የመርከብ መጨረሻ የሆነችው ስታንሊቪል፣ የዛሬዋ ኪሳንጋኒ፣ የምሥራቁ ክፍል ቁልፍ ነበረች። የተባበሩት መንግሥታት ጦር በተላከ ጊዜ የእኛ ጠቅል ብርጌድ የሠፈረው በዚህችው ከተማና በአካባቢዋ ነው፤ ሌተና ጄኔራል ከበደ ገብሬም ከ1962 እስከ 1963 የመላው የተባበሩት መንግሥታት ጦር አዛዥ ሆነው አገልግለዋል። የአገራችን ወታደሮች በዚያ በነበሩበት ወቅት፣ በዲሴምበር 1961፣ የኮንጎ ፍሰት በኪንሻሳ በሴኮንድ ከ80,000 ሜትር ኩብ በላይ ደረሰ፤ ከመጣው ሁሉ ታላቁ ሙላት ነበር። በዚያው ዝናም የጀመረው የቪክቶሪያ ሐይቅ መሙላት እስከ 1964 ከሁለት ሜትር በላይ ደረሰ። ሁለቱ ወንዞች ራሳቸው የተለያየ ቢሆንም ሰማያቸው ጎረቤት ነው።

ለአሳሾች መሰናክል የነበረው በር በዘመናችን የኃይል ምንጭ ሆኖ ተቆጠረ። ከማታዲ በላይ ባለው በኢንጋ የመጀመሪያው ጣቢያ በ1972፣ ሁለተኛው በ1982 ሥራ ጀመረ፤ የተተከለላቸው ኃይል በድምሩ 1,775 ሜጋ ዋት ነው። በቦታው ሊገኝ የሚችለው 40,000 ሜጋ ዋት ገደማ እንደሚደርስ ይገመታል፤ በ2025 የተመረቀው ታላቁ የሕዳሴ ግድባችን 5,150 ሜጋ ዋት መሆኑን ስናስብ ልኩ ይገባናል። ነገር ግን ከኢንጋ የተዘረጋው 1,700 ኪ.ሜ. ያህል መስመር ኤሌክትሪኩን ለካታንጋ የመዳብ ማዕድን ሲያደርስ፣ ከሥሩ ያሉት መንደሮች በኩራዝ ቀርተዋል። መስመር የሚዘረጋው ማን ዘንድ ለመድረስ ነው የሚለው የ1885 ጥያቄ አልተዘጋም።

የባሰው ጉድለት ግን የሚታየው በመለኪያው ነው። ከነፃነት በፊት በተፋሰሱ ላይ በመቶ የሚቆጠሩ የውኃ መለኪያ ጣቢያዎች ነበሩ፤ በጦርነት፣ በበጀት እጦትና በቸልተኝነት አብዛኞቹ ቆመው የሚሠሩት ጥቂቶች ሆነዋል። በተፋሰሱ መካከል ባለው ረግረግ ሥር በዓለም ከሁሉ የሚሰፋው የሐሩር ክልል የአተር አፈር፣ ማለትም በውኃ ውስጥ ሳይበሰብስ የተከማቸ የዕፅዋት ቅሪት፣ መኖሩ ተለክቶ በካርታ የወጣው በ2017 ነው። ስፋቱ 145,500 ካሬ ኪ.ሜ.፣ የያዘው ካርቦንም 30 ቢሊዮን ቶን ያህል ሆኖ ተገምቷል። ይህን ያህል ነገር ከስታንሊ 140 ዓመት በኋላ ድረስ ሳይለካ ከቆየ፣ የኮንጎ ካርታ አልቋል ማለት አይቻልም።

ተጠብቆ የቆየ መዝገብ ምን እንደሚጠቅም ግን አንድ ምሳሌ አለ። በኪንሻሳ የወንዙ ልክ ከ20ኛው ክፍለ ዘመን መግቢያ ጀምሮ ሲመዘገብ ኖሯል። በጃኑዋሪ 2024 ወንዙ ሞልቶ 6.20 ሜትር በደረሰ ጊዜ፣ የ1961ዱ 6.26 ሜትር እንደ ነበረና አደጋው ምን ያህል ሊከፋ እንደሚችል ለማመዛዘን የተቻለው ስማቸው በማይታወቅ የጣቢያ ሠራተኞች ትጋት ነው። በየጧቱ ወደ ወንዙ ወርደው ቁጥር ጽፈዋልና።

ማጠቃለያ

እንግዲህ ከኮንጎ ታሪክ ለእኛ የሚተርፈው ምንድን ነው? የወንዙን ቁራጭ ቁራጭ እውቀት የያዙት ባለ አገሮቹ ሲሆኑ የቀጣጠለው ሌላ ሰው በመሆኑ፣ የመቀጣጠሉ ጥቅም ለሌላው፣ ዕዳው ለባለ አገሮቹ ሆነ። ካርታው ስሕተት አልነበረበትም፤ ትክክለኛነቱ ራሱ ለክፉ አገለገለ። መድኃኒቱም ካርታ መሥራትን መተው አይደለም፤ ወንዙን የሚኖርበት ሕዝብ ራሱ እንዲለካው፣ መዝገቡም በእጁ እንዲኖር ማድረግ ነው።

በአገራችን እ.ኤ.አ. በ1964 በተጠናቀቀው የዐባይ ተፋሰስ ጥናት ጊዜ የውኃ መለኪያ ጣቢያዎች ተተክለው ነበር። ስለ ዐባይ በምናደርገው ክርክር ሁሉ ከእነዚያ ጣቢያዎች የተገኘው ቁጥር ምን ያህል እንደ ጠቀመን በውኃ ሥራ ያሉ አባሎቻችን ያውቃሉ። ስለዚህ በሩቅ ወረዳ በአንድ ድልድይ ሥር የቆመ የመለኪያ ዘንግ በደለል ሲቀበር፣ አንባቢው በጡረታ ሲወጣ ምትክ ሳይቀጠርለት ሲቀር፣ ጉዳዩን እንደ ትንሽ የጽሕፈት ቤት ጉድለት እንዳንቆጥረው አደራ እላለሁ። ያልለካነውን ሌላ ይለካዋል፤ የለካውም ያነበዋል።